ለቀብር ያልጠፋው ብር

(በደብረ ማርቆስ፣ በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኮሚቴው ምርጫ በፊት የተደረገ ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ላይ የተደጋገመው ብቻ ተቀንሶ እንዳለ ቀርቧል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ? ልጆቹስ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ከቅዳሴ ወጥታችሁ ቤታችሁ እንኳ ሳትገቡ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ነጠላችሁን አይቼ አውቄያለሁ። በባዶ ሆዳችሁ አላቆያችሁም። የእድራችን ዳኛ ትንሽ ደቂቃ ፈቅደውልኛል፤ ከዚያ ላለማለፍ እሞክራለሁ።

ዛሬ ኮሚቴ እንመርጣለን። ለወትሮው ይህ ቀላል ነገር ነበር። አንዱ ይጠቁማል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት። ዘንድሮ ግን ሁለት ወገን ሁለት ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። ጉዳዩም ሕክምና ነው። ስለዚህ በጭብጨባ የሚያልፍ አይደለም።

ላልሰማ ሰው ባጭሩ ልድገመው። ነባሮቹ የሚሉት ይህን ነው። እድሩ የቆመው ለቀብር ነው፤ መዋጮው በወር 50 ብር እንደሆነ ይቀጥል፤ ለታመመ አባል ግን ዋስ ከጠራ 3 ሺህ ብር ያለ ወለድ እናበድር። ወጣቶቹ ደግሞ መዋጮው 100 ብር ይሁን ይላሉ። እድሩ አባሉ ሳይሞት ይድረስለት። ሪፈር የተጻፈለትን ያሳፍር፣ ሆስፒታል ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ይግዛ። ለአንድ ቤት በዓመት እስከ 12 ሺህ ብር፤ ብድር ሳይሆን እርዳታ።

ሰፈር ውስጥ ሲወራ አንደኞቹን «የሚሆነውን የሚያውቁ»፣ ሌሎቹን «ተስፈኞች» ስትሏቸው እሰማለሁ። እኔ ድምፄን የምሰጠው ለተስፈኞቹ ነው። የቆምኩትም ምክንያቴን ልነግራችሁ ነው።

ይህን ስል የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። የዚህ እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። «አይበቃም» በሚል ቃል የምታውቁኝ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁን «አይበቃም» ብዬ መልሻለሁ። ስለዚህ ለምን እንደተለወጥኩ መናገር አለብኝ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ አንድ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንደያዙት ነው። ሦስተኛው ወጣቶቹን የምለምናቸው ነገር ነው።

ከመዝገቡ ልጀምር።

በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ጥቅምት ላይ። አንድ አባላችን ማታ ቤቴ መጣ። ባለቤቱ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ከርማለች። እዚህ አይተዋት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት። ያኔ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጀን ላይ ዓባይን ወርዶ ጎሃ ጽዮን መውጣት አለ። ደግሞ አንድ ቀን ታይቶ የሚመለሱበት ሕክምና አይደለም። ወረፋ አለ፣ ቀጠሮ አለ። ማደሪያ ያስፈልጋል። አስታማሚም መብላት አለበት። ሰውየው ሁሉንም አስልቶ ነው የመጣው። ግማሹን ይዟል፤ የጎደለው 7 ሺህ ብር ነው። «መምህር፣ እድሩ ይድረስልኝ» አለኝ።

ቡና አስፈላሁለት። ከልቤ አዘንኩለት። ከዚያ ተነስቼ ደንቡን ከሣጥን አወጣሁ። «ደንባችን የሚፈቅደው ለሞት ብቻ ነው» አልኩት። «ላንተ ብንሰጥ ነገ ሁሉም ይመጣል፤ ካዝናው አይችለውም» አልኩት። ሒሳቡን አውቀው ነበርና የተናገርኩት እውነት ነው። እሱም አልተከራከረኝም። «ልክ ነዎት፣ መምህር» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከዚህም ከዚያም ሲበደር፣ ጠበል ሲያመላልሳት፣ ያለውን ሲሸጥ ስድስት ወር ሄደ። አዲስ አበባ የደረሱት ሚያዝያ ላይ ነው። «ዘግይታችኋል» ተባሉ። ሰኔ ላይ አረፈች። ነፍሷን ይማር።

ጡሩምባው የተነፋው ሌሊት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ሁሉ ደርሷል። ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል። ማንም አልዘገየም። እኔም አልዘገየሁም። ለቀብር የሚሰጠውን 8 ሺህ ብር ቆጥሬ፣ ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

መዝገቡን ታውቁታላችሁ፤ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው ነው። ቀን፣ ስም፣ ምክንያት፣ የብር መጠን፣ ፊርማ ይላል። «ምክንያት» የሚለው ሥር «የባለቤት ሞት» ብዬ ጻፍኩ። እስኪብርቶውን ሰጠሁት። ፖስታውን ከፍቶ ብሩን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «መምህር፣ ይኼ ያኔ የለም የተባለው ብር ነው?» አለኝ።

በቁጣ አልነበረም። ሰው አንድ ነገር ሳይገባው ሲቀር እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀኝ። እኔ የምመልሰው አጣሁ። ዝም ስል እሱ ፈረመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ የቀጣዩን ሰው ቦታ ይዟል። ከዚያ በኋላ የመጣውን አባል ስም ዝቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ይህን ታሪክ እንድነግራችሁ ባለቤቱ ፈቅዶልኛል። ስሙን አልጠራም።

ታዲያ ልጠይቃችሁ። ያ ብር ነበረ ወይስ አልነበረም? ጥቅምት ላይ 7 ሺህ የለም፤ ሰኔ ላይ 8 ሺህ አለ። በመሐል ምን ተለወጠ? ካዝናው አልተለወጠም። መዋጮው አልጨመረም። የተለወጠው የሴትዮዋ መሞት ብቻ ነው።

ብሰጠው ኖሮ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ካንሰር ነው። ግን ስድስት ወር ቀድማ ትደርስ ነበር። ሐኪም ፊት የምትቆመው በሽታው ከመሰራጨቱ በፊት ይሆን ነበር። ይህን እድል የነፈገቻት የእኔ ልክ የሆነች ሒሳብ ናት።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ «አይበቃም» ስል ወጪውን ያስቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ወጪው መቼ ቀረ? በሬው ተሸጠ። ትልቁ ልጅ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ድንጋይ ጫኝ ሆነ። አራጣ ተበደሩ፤ አራጣውን እስኪጨርሱ አራት ዓመት ፈጀባቸው። 230 ቤት «አንችለውም» ያልነውን አንድ ቤት ብቻውን ተሸከመው። እስኪ ንገሩኝ፣ ይህ ነው የሚሆነውን ማወቅ?

ነባሮቹ ያቀረቡት ብድርም እኮ ከዚህ አያወጣም። ብድር ለነጋዴ ይሆናል። የታመመ ሰው አልጋ ላይ ነው፤ ሠርቶ አይከፍልም። ደግሞ ዋስ ጥራ ይባላል። ሕመምተኛን ይዞ ደጅ ለደጅ ዋስ ፍለጋ መዞር ምን ማለት እንደሆነ የዞረ ያውቀዋል። ሐሳቡን ያመጡት ጓደኞቼ ናቸው፤ ቅን ሰዎች ናቸው። ካዝናውን ከልባቸው ይጠብቃሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ የምቃወማቸው በፍቅር ነው።

አሁን «መድኑ የታለ ታዲያ?» የምትሉ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ሦስት ወረዳዎች ገብተው ነበር፤ ፎገራ፣ ተሁለደሬና የእኛው የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር። ያኔም «ገበሬ ሳይታመም ለሕክምና ገንዘብ ያወጣል? የማይመስል ነገር» ሲባል እሰማ ነበር። ገበሬው ግን አወጣ። ከሙከራው ተነስቶ በየወረዳው ተዳረሰ። ዛሬ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍልና ካርዱን ይዞ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቀዳዳ አለው። ምርመራው ላይ ችግር የለም። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርሱ «ይኼ የለንም፣ ከውጭ ግዙ» ትባላላችሁ። እናንተ ትላላችሁ እኔ? እጃችሁን አውጡ ብል ሁላችሁም ታወጣላችሁ። ሪፈር ሲመጣ ደግሞ የመኪናውና የማደሪያው ከኪስ ነው። ሰው እቤቱ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ወጣቶቹም እንድፈነው የሚሉት ይህን ቀዳዳ ነው። መድኑን እንተካ አላሉም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናዘዝ። ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከደመወዛችሁ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል መምህራን ተሰብስበን ጮህን። «ደመወዙ ራሱ መቼ በቃን?» አልን። እኔም ተነስቼ ተናግሬያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ነገሩ ስንት ጊዜ ተራዘመ መሰላችሁ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ካጨበጨቡልኝ ሁለቱ በኋላ ለሕክምና ሰው ፊት ቆመው እርዳታ ሲለምኑ አይቻለሁ። ያ ጭብጨባ አሁን ይሰማኛል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ።

ታናሽ እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። የዚያ አገር ዜጋ ስለሆነች ትመርጣለች። እኛ «አሜሪካ ያለ ሰው ሕክምና አያስጨንቀውም» እንላለን። እሷ መድን አላት፤ ግን በዓመት የመጀመሪያውን 5 ሺህ ዶላር ከኪሷ ካልከፈለች መድኑ ሥራ አይጀምርም። ጥርሷን ታማ ሦስት ወር በማስታገሻ የቆየች ሴት ናት።

በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም. ምርጫ ሲደርስ በስልክ ስንጨቃጨቅ ከረምን። በዴሞክራቶቹ በኩል ሁለት ሰዎች ይፎካከሩ ነበር። በርኒ ሳንደርስ «ሁሉም ሰው በመንግሥት መድን ይታከም» ይላል። ሂላሪ ክሊንተን ደግሞ «ይህ ከቶ የሚሆን አይደለም፤ በ2010 በኦባማ ጊዜ የወጣውን የጤና መድን ሕግ ደረጃ በደረጃ እናሻሽል» ትላለች። እህቴ «ልቤ ከሳንደርስ ጋር ነው፤ ድምፄን ግን ለክሊንተን እሰጣለሁ፤ ያለችኝን እንዳላጣ» አለችኝ። እኔ የያኔው ገንዘብ ያዥ «ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ክሊንተን ዕጩ ሆነች፤ ዋናውን ምርጫ ግን ትራምፕ አሸነፈ። በ2017 ሐምሌ ላይ ያንን የኦባማን ሕግ ለመሻር ሴኔቱ ውስጥ ድምፅ ተሰጠ። ሙከራው የወደቀው 51 ለ49 ነው። የገዛ ፓርቲው ሰው ጆን ማኬይን በሌሊት ገብቶ አውራ ጣቱን ወደ ታች አደረገ፤ በዚያች አንዲት ድምፅ የሚሊዮኖች ሕክምና ተረፈ። ስለዚህ ያለውን ለመጠበቅ የሚመርጥን ሰው አልንቅም። እህቴ የምትጠብቀው ነገር ነበራት።

እኛ የምንጠብቀው ምንድን ነው? ድንኳኑን ነው? አግዳሚውን ነው? ሰው ታሞ እያለ ምን አለንና ነው እንዳናጣው የምንፈራው?

ከአሜሪካ በላይ የገረመኝ ግን የካናዳ ገበሬዎች ነገር ነው። ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሳስካችዋን የሚባል ክፍለ ሀገር አላቸው፤ ሜዳ ነው፣ ስንዴ አብቃይ ነው፣ ክረምቱ ጨካኝ ነው። እዚያ ቶሚ ዳግላስ የሚባል ሰው ነበር። ልጅ ሳለ የእግሩ አጥንት መረቀዘ። ቤተሰቡ ለቀዶ ጥገና የሚከፍለው የለውም። እግሩ ሊቆረጥ ተወሰነ። አንድ የታወቀ ሐኪም «ተማሪዎቼ ቆመው እያዩ ከሆነ በነፃ እሠራለታለሁ» አለ። እግሩ ዳነ። ልጁ ሲያድግ ሲያስበው፣ እግሩን ያዳነው ያ ሐኪም በዚያ ቀን በዚያ ማለፉ ብቻ ነው። የሌላው ደሃ ልጅ እግርስ?

በ1944 በእነሱ አቆጣጠር ሕዝቡ ክፍለ ሀገሩን እንዲመራ መረጠው። ተስፋ ብሎ የሸጠው ሁሉም ሰው ሳይከፍል እንዲታከም ነው። የጀመረው ግን ከየት ነው? በ1947 የሆስፒታል መተኛን ብቻ ሸፈነ፤ ለአንድ ሰው በዓመት 5 ዶላር መዋጮ። የሐኪም ክፍያ ገና ነው። ካዝናው እስኪጠነክር 15 ዓመት ጠበቀ። ሐኪሙ የተጨመረው በ1962 ሐምሌ ላይ ነው። በዚያው ቀን ሐኪሞቹ ሥራ አቆሙ፤ 23 ቀን። በዚያው ዓመት ዳግላስ ራሱ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርቲውም ሥልጣኑን አጣ። መድኑን ግን ተተኪዎቹ አላፈረሱትም። በ1966 የካናዳ ምክር ቤት ለመላው አገር የሚሆን ሕግ አወጣበት። የስንዴ ገበሬዎች የጀመሩት ነገር ነው ይህ።

እንግዲህ እኔ ተስፋ የምለው እንደዚህ ያለውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነቱን አይደለም። ሰውየው የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የዛሬውን እርምጃም በዶላር ቆጥሮታል።

ሦስተኛው ለወጣቶቹ ነው። ልጆቼ፣ ስሙኝ። ብዙዎቻችሁን አስተምሬያችኋለሁ።

ሒሳባችሁን ሠራሁት። 230 አባወራና እማወራ ነን። በ100 ብር በዓመት 276 ሺህ ብር ይገባል። ባለፈው ዓመት 9 ቀብር ነበረብን፤ ለእያንዳንዱ 10 ሺህ፣ በድምሩ 90 ሺህ ወጣ። 186 ሺህ ይተርፋል። በ12 ሺህ ሲካፈል 15 ቤት ነው። አሥራ ስድስተኛው ቤት ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ? እኔ በ2006 ያልኩትን ልትሉት ነው?

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያውን 6 ሺህ አድርጉት። የመኪናና ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ብቻ። ከ30 ቤት በላይ ይዳረሳል። ዓመቱ ሲሞላ መዝገቡን እዚህ ጉባኤ ላይ ዘርግተን እናያለን። መድኑ ደግሞ ምዝገባው ሲመጣ ያልተመዘገበ አባል እንዳይኖር ቤት ለቤት ዙሩ። መድኑ ለሚችለው ወጪ የእድር ብር አይውጣ።

የሕመሙን ስም ጉባኤ ላይ እንዳታነቡ። አደራ። እኛ አገር ሰው ቲቢ ይዞት እንኳ «ብርድ ነው» ይላል። ስሙ እንዳይነገር ፈርቶ የሚቀር አለ። ሁለት ሦስት የሚታመኑ ሰዎች ወረቀቱን አይተው ይፈርሙ፤ ያ በቂ ነው።

ደግሞ 100 ብር የማይችሉ አሉ። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ ልጅ የምታሳድግ እናት ድሮ 50ውንም የምትሰጠኝ በሁለት ጊዜ ነበር፤ ሳንቲሙን ከመቀነቷ ፈትታ። ለእንደሷ ያለው 50ው ይቀጥል። እርዳታው ግን እኩል ይሁን።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ስለምፈራላችሁ ነው። ተስፋ ሲሰበር አይቻለሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ገና ሳይነጋ ተሰልፌ የመረጥኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰልፉን ጥሎ የሄደ ግን አላየሁም። አሮጊቶች ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ተራቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። «መረጥን አልመረጥን» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ነው በየቤቱ የገባው። ዛሬ እናንተ ቃል ሰጥታችሁ ብትበሉት፣ የሚጎዳው ካዝናው ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ አሥር ዓመት ማንም ተነስቶ «እናሳክም» አይልም።

ግን ይህን ፈርቼ ወደ ድንኳኑ አልመለስም። አልችልም። ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ለዳኛችን ነው። ዛሬ እጅ በማውጣት አንምረጥ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተበዳሪና አበዳሪ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አማትና ምራት አለ። ሰው አንገቱን ሳያዞር ይምረጥ። ወረቀቱን ልጆቹ ትናንት ማታ ቆራርጠውታል፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሁለት ምልክት አድርገንበታል፤ ለነባሮቹ ድንኳን፣ ለወጣቶቹ መኪና። የሠራሁት ሒሳብም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል። የተሳሳትኩት ካለ አሁኑኑ አርሙኝ፤ ከምርጫው በፊት።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።